ለጫጩቷ የተቆጣችው እሌኒ

እሌኒ ዘመነ ትባላለች። ዕድሜዋ ዐሥራ አንድ ነው። ቤቷ ደባርቅ ከተማ ውስጥ ከመናኸሪያው በስተጀርባ ነው። አባቷ አቶ ዘመነ በዳባት በኩል ጎንደር የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳሉ። እናቷ ወይዘሮ ሠርካለም ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላቸው።

እሌኒ ጎበዝ ተማሪ ናት። መዝሙርም ታውቃለች። አንድ ነገር ግን አይሆንላትም፤ ግፍ አይታ ዝም ማለት አትችልም። በትምህርት ቤት ወንዶቹ ሜዳውን ሁሉ ለኳስ ከያዙት፣ «ይህማ ግፍ ነው!» ትላለች። ሰልፍ ላይ አንዱ ተሻምቶ ከፊቷ ከገባ፣ «ግፍ ነው!» ብላ ትጮኻለች። አባቷም «የእኔ ጠበቃ» ይሏታል።

ልጆች፣ ግፍን መጥላት መልካም ነው። ማንም መጥፎ ነው እንዳይላችሁ። ግን ቆዩ፤ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስሙት።

በዚያ ቤት ሌላም ልጅ ነበረች። ምሥራቅ ትባላለች። ከእሌኒ በአንድ ዓመት ታንሳለች። የአቶ ዘመነ የእኅታቸው ልጅ ናት። ከበየዳ የመጣችው ደባርቅ ተቀምጣ እንድትማር ነበር። እናቷ ስትልካት አቶ ዘመነ፣ «እንደ ልጄ አድርጌ ነው የምይዛት፤ በይ አታስቢ» ብለው ቃል ገብተው ነበር።

እንግዲህ እሌኒ እሑድ እሑድ ወደምትማርበት ሰንበት ትምህርት ቤት እንሂድ። ከአዳራሹ ጀርባ ጓሮ አለ። ልጆቹ ጎመንና ካሮት ይተክሉበታል። በጓሮው ዳር አንድ የጽድ ዛፍ ቆሟል። አስተማሪያቸው መምህር ሀብተ ሚካኤል በጽዱ ላይ ከጣውላ የተሠራ ሣጥን ሰቀሉ። ሣጥኑ ከፊቱ ክብ ቀዳዳ አለው። ጣሪያው እንደ ክዳን ይከፈታል። በውስጡ አውራ ጣት የምታክል ካሜራ ተገጥማለች።

ካሜራዋን ያመጣው ምስክር የሚባል ወጣት ነው። ምስክር በስሜን ተራሮች ወደ ጨነቅ የሚወጡ ጎብኚዎችን ይመራል። ያደገውም በዚያው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ከካሜራዋ የሚወጣውን ሽቦ በመስኮት አስገብቶ ከአዳራሹ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሁለት ድንቢጦች መጡ። መጀመሪያ በቀዳዳው አጮለቁ። ከዚያ ገቡ። ገለባ አመጡ፤ ላባ አመጡ፤ ከአጥር ላይ የተያዘ የበግ ፀጉር ሳይቀር ለቅመው አመጡ። ሁሉንም ልጆቹ በቴሌቪዥኑ ያያሉ። እሑድ ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ ቤቱ የሚሮጥ ልጅ ጠፋ።

መምህር ሀብተ ሚካኤል አንድ ሕግ ሠሩ። «በዓይናችሁ እንደ ልባችሁ እዩ። እጃችሁን ግን ወደ ሣጥኑ አታስገቡ። ፈጣሪ ለድንቢጥ እናት ሰጥቷታል፤ እናንተን አልሾመባትም» አሏቸው።

ድንቢጧ እንቁላል ጥላ ታቀፈች። ከቀናት በኋላ እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። አራት ጫጩቶች ወጡ። ላባ የላቸውም፤ ዓይናቸው አልተከፈተም፤ አፋቸው ብቻ ሰፊ ነው። እናትና አባት ትል ይዘው በገቡ ቁጥር አራት አፍ ይከፈታል። አራተኛዋ ግን ትንሽ ነበረች። ሦስቱ ትከሻዋን ረግጠው ይቆማሉ። ትሉ ወደ እነርሱ አፍ ይገባል። እርሷ ከጥግ ተጣብቃ አፏን ከፍታ ትቀራለች።

«አሁንም ትልቁ በላ!» አለች እሌኒ። ከወንበሯ ተነሣች። «ኧረ እዩት! ይኸው ደግሞ በላ! መምህር፣ ግፍ ነው እኮ!»

«ተቀመጪ እሌኒ» አሉ መምህር። «ትልልቆቹ ሲጠግቡ አፋቸውን ይዘጋሉ። ያን ጊዜ ተራው የእርሷ ይሆናል።»

«ካልደረሳትስ?»

«ላይደርሳት ይችላል። ግን ከእናቷ የተሻለ ልናሳድጋት አንችልም።»

«እንግዲያማ ዝም ብለን ስትራብ ልናያት ነው?» አለች እሌኒ። ጉንጮቿ ቀሉ። «ማየት ብቻ ከሆነ ካሜራው ምን ይሠራል?»

ልጆቹ ሳቁ። እሌኒ ግን አልሳቀችም። እየተቃጠለች ወደ ቤቷ ሄደች።

ምሳ ቀርቦ ነበር። እሌኒ ከእናቷና ከአባቷ ጋር ገበታ ቀረበች። እየጎረሰችም ታወራለች። «አባዬ፣ በአንድ ጎጆ ውስጥ እኮ ነው! ሦስቱ እስኪያገሳቸው ይበላሉ፣ አንዷ ጾሟን ታድራለች። ምሥራቅ፣ ውሃ!»

ምሥራቅ በበሩ አጠገብ ከምትቀመጥባት ትንሽ ዱካ ተነሣች። ውሃ አምጥታ ሰጠቻት። ተመልሳም ተቀመጠች። የእርሷ ምሳ እነርሱ ሲጨርሱ ነው።

«ልብ የላትም ያቺ ወፍ!» አለች እሌኒ። «እንዴት ልጇን አታይም?»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ የእኔ ጠበቃ!» አሉና ሳቁ።

ልጆች፣ አያችሁ? እናንተ አይታችኋል። በዚያ ገበታ ዙሪያ ከነበሩት ግን አንድም ሰው አላየም።

ሰኞ ጓሮውን ውሃ የማጠጣት ተራ የእሌኒ ነበር። ውሃውን ቀድታ የምታጠጣው ግን ምሥራቅ ናት። እሌኒ አብራት ትሄድና የቱ ጎመን እንዳልጠጣ ታሳያታለች። ያን ዕለት ጎመኑን አላየችም። ዓይኗ ሣጥኑ ላይ ነበር። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ መሰላል ተደግፏል።

«ያዢልኝ» አለች።

«ምን ልታደርጊ?»

«ትንሿን አወጣታለሁ። እኔ አሳድጋታለሁ።»

ምሥራቅ ባልዲውን አስቀመጠች። «መምህራችሁ አይሆንም ብለዋል አላልሽኝም? እናቷ አለች እኮ። ተያት።»

«አንቺ ደግሞ አታዝኚም?» ብላ ተቆጣቻት። «እየተራበች እኮ ነው! ያዢ ብያለሁ!»

ምሥራቅ መሰላሉን ያዘች። እንቢ ብላ አታውቅም ነበርና።

እሌኒ ወጣች። ክዳኑን ስታነሣ ሁለቱ ድንቢጦች ከጽዱ ላይ ሆነው ጮኹ። በራሷ ላይ ዞሩ። እሌኒ ግን ትንሿን ጫጩት በሁለት ጣቷ አነሣች። ጫጩቷ ትሞቃለች። ደረቷ ውስጥ ልቧ ሲመታ ይታያል።

«አይዞሽ» አለቻት እሌኒ። «ከእንግዲህ ማንም አይገፋሽም።»

በነጠላዋ ጠቅልላ ወሰደቻት። ማድ ቤት ውስጥ በካርቶን አስቀመጠቻት። ወይዘሮ ሠርካለም እርጎ ሊያደርጉት ያስቀመጡት ወተት ነበር። እሌኒ በኩባያ ቀዳች። ዳቦ ነክራ በጫጩቷ አፍ ጨመረች። መጀመሪያ ደስ አላት። ቆይታ ሰለቻት። ጫጩቷ ከበላች በኋላ ወዲያው ደግሞ አፏን ትከፍታለች። ማቆሚያ የለውም።

«የቤት ሥራ አለኝ» አለች። «አንቺ አብዪያት። እንዳትተኚባት ደግሞ።»

ምሥራቅ ዕቃ እያጠበች፣ እሳት እያነደደች፣ በመሐል እጇን ጠርጋ ጫጩቷን ታበላለች። ልታጠናው ያወጣችው የንባብ መጽሐፍ ተዘግቶ ቀረ።

ማታ ወይዘሮ ሠርካለም የወተቱን ዕቃ ከፈቱ። «ወተቱን ማን ነካው?» አሉ። ቀጥታ ወደ ምሥራቅ ዞሩ። «አንቺ ነሽ!»

«እኔ አልወሰድሁም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ድመት ናት በኩባያ የቀዳችው? ሌባ! በልተሽ የማትጠግቢ! ወተቱን ከጠጣሽ እራት ምን ያደርግልሻል? ሂጂ ተኚ!»

ምሥራቅ እሌኒን አየቻት። አንድ ጊዜ ብቻ አየቻት። እሌኒ ደግሞ ደብተሯን አየች። አንድ ፊደል አልታያትም፤ ግን ደብተሯን አየች። «እኔ ነኝ» ማለት ስንት ቃል ነው? ሁለት ቃል ነው። ያቺ በሜዳ ላይ፣ በሰልፍ ላይ፣ በአዳራሽ ውስጥ «ግፍ ነው!» ስትል የነበረች ልጅ ሁለቱን ቃል አጣቻቸው።

እናንተስ ልጆች፣ አትቆጡም? እኔ ይህን ባሰብሁ ቁጥር እቆጣለሁ። ትንሽ ልጅ በሐሰት ሌባ ተብላ፣ ሆዷ ባዶ ሆኖ ስትተኛ፣ እውነቱን የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ጠግቦ ይበላል!

በማግሥቱ እሌኒ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። ምሥራቅ የምትማረው ከሰዓት ነው። ጠዋት ግን እህል ተሸክማ ወፍጮ ቤት ተላከች። ሰልፉ ረጅም ነበር። ማድ ቤቱ ውስጥ እሳት አልነበረም። የደባርቅን የጥቅምት ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ለብሶም ያንቀጠቅጣል። ጫጩቷ ደግሞ ላባ እንኳ አልነበራትም። በጎጆዋ ውስጥ ቢገፏትም እንኳ ወንድሞቿ ያሞቋት ነበር።

እሌኒ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካርቶኑን ከፈተች። ጫጩቷ ደርቃ ነበር። አፏ እንደተከፈተ ነው።

በዚያው ጊዜ ምሥራቅ ዱቄቱን በጀርባዋ አዝላ ገባች። ፀጉሯና ቅንድቧ ነጭ ሆኗል።

«ገደልሻት!» ብላ ጮኸች እሌኒ። «እንድትጠብቂያት ነግሬሽ አልነበረም? አንቺ ገደልሻት! ይህ ግፍ ነው!»

ምሥራቅ ዱቄቱን አወረደች። ቀስ ብላ ነው ያወረደችው፤ እንዳይፈስ። ከዚያ ቀና አለች። እሌኒ እንዲህ ያለ ፊት በእርሷ ላይ አይታ አታውቅም።

«እኔ ነኝ የገደልኋት?» አለች ምሥራቅ። «ከእናቷ ያወጣኋት እኔ ነኝ? ተያት አላልሁሽም? ወተቱን ማን ወሰደ? እራት ማን አጣ? አንቺ እዚያው ተቀምጠሽ እየሰማሽ ሌባ ተባልሁ! ለወፏ ግፍ ነው፣ ግፍ ነው ትያለሽ። እኔ ስትበሉ በር ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ግፍ ነው ብለሽ ታውቂያለሽ? ነው ወይስ እኔን ለማየትም ካሜራ ይተከልልሽ?»

ልብሷን እንኳ ሳታራግፍ ደብተሯን ይዛ ወጣች። ያን ዕለትም ወደ ክፍል የገባችው አርፍዳ ነው።

እሌኒ መጀመሪያ ተናደደች። «ባለጌ!» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ግን አልወጣም። ዱካዋን አየች። ዱካዋ በበሩ አጠገብ፣ ብርዱ በሚገባበት ቦታ ነበረች። ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያለችው? እሌኒ አላስታወሰችም። አለማስታወሷ አሳፈራት። ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ጫጩቷን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ መምህር ሀብተ ሚካኤል ሄደች።

መምህር በአዳራሹ ውስጥ ወንበር እየደረደሩ ነበር። ነጠላውን ከፍታ አሳየቻቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«ማን አወጣት?»

«እኔ ነኝ።» ያ ቃል በመጨረሻ ወጣ።

«ከዚያስ?»

ሁሉን ነገረቻቸው። ስለ ወተቱ፣ ስለ ምሥራቅ እራት፣ ዛሬ ስለተናገረቻት ነገር። መምህር እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት።

«ቆይ። ምሥራቅ ማን ናት?»

«የአባዬ የእኅቱ ልጅ። ከእኛ ጋር ናት የምትኖረው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ጥምቀት በፊት ጀምሮ።»

«ከጥምቀት በፊት!» መምህር ወንበሩን በኃይል አስቀመጡት። «ዓመት ሊሞላት ነው! ታዲያ አንድ እሑድ እንኳ እዚህ ያላየኋት ለምንድን ነው?»

እሌኒ አንገቷን ደፋች። «እሑድ… ቤት የምትጠብቀው፣ ምሳ የምትሠራውም እርሷ ናት።»

መምህር ሀብተ ሚካኤል ወደ እሌኒ ቀረቡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ቁጣቸው ግን ይሰማል። «የጫጩቷን ረሃብ ከዚህ ወንበር ላይ ሆነሽ አየሽ። ከእናቷ ቀማሻት። የማሳደጉን ድካም ግን ለሌላ ልጅ ጫንሽባት። በመጨረሻም ጥፋቱንም ለእርሷው ሰጠሽ። አንቺ ልጅ፣ ምን የቀረ ግፍ አለ?»

«ይቅር ይበሉኝ» አለች እሌኒ እያለቀሰች። «እርስዎ ለእማዬ ይንገሩልኝ።»

«አልነግርልሽም። በዝምታሽ ነው የበደልሻት፤ በአፍሽ ነው የምትክሺያት። ዛሬውኑ። እርሷ ባለችበት።»

ጫጩቷን በጓሮው ጥግ ቀበሯት። ድንቢጦቹ ለቀሩት ሦስቱ ትል ይዘው ይመላለሱ ነበር።

ማታ እራት ቀረበ። ምሥራቅ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። እሌኒ አልጎረሰችም።

«እማዬ፣ ወተቱን የወሰድሁት እኔ ነኝ» አለች። «ምሥራቅ አልሰረቀችም። ትናንት ያለ እራት ስትባረር እያወቅሁ ዝም አልሁ።»

ወይዘሮ ሠርካለም ደነገጡ። ቀጥሎ ተቆጡ። «ታዲያ ይህ በእራት ሰዓት የሚወራ ነው? በሰው ልጅ ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

«የሰው ልጅ አይደለችም፣ እማዬ። የአባዬ የእኅቱ ልጅ ናት።» እሌኒ ተነሣች። «እኛ ስንበላ ትጠብቃለች። እኔ ሳጠና ዕቃ ታጥባለች። እሑድ እኔ ስዘምር እርሷ ወጥ ትሠራለች። ግፍ ነው! እኔም ሠርቼዋለሁ። እናንተም ሠርታችሁታል።»

አቶ ዘመነ የጠቀለሉትን እንጀራ መልሰው አስቀመጡ። «ትናንት ማታ ሳትበላ ነው የተኛችው?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ ሠርካለም አንገታቸውን ደፉ።

«እኔስ የት ነበርሁ?» አሉ። «ሩቅ አገር አልነበርሁም። እዚሁ ገበታ ላይ ነበርሁ! ለእኅቴ ምን ብዬ ነው ቃል የገባሁት?» ወደ በሩ ዞሩ። «ምሥራቅ፣ ነይ ልጄ። ነይ ቅረቢ።»

ምሥራቅ አልተነሣችም። «እዚሁ ይሻለኛል፣ አጎቴ» አለች።

ልጆች፣ ለረጅም ጊዜ የተገፋ ሰው አንድ ቀን ስለተጠራ ብቻ እየሮጠ አይመጣም። አትፍረዱባት።

እሌኒ ሄዳ ከምሥራቅ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። አቶ ዘመነም ተነሡ። ገበታውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ በሩ ወሰዱት። በምሥራቅ ፊት አስቀመጡትና እርሳቸውም መሬት ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ሠርካለም ብቻቸውን ቀሩ። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ቆይተው፣ ቆይተው ተነሡና መጡ።

«እዚህ ይበርዳል» አሉ በተሰበረ ድምፅ። «ልጄ ትታመምብኛለች። ወደ ውስጥ እንግባ። ምሥራቅዬ፣ ሌባ ያልሁሽ እኔ ነኝ፤ አፌ ይቆረጥ።» የመጀመሪያውን ጉርሻም በእጃቸው አጎረሷት።

«ይቅር በይኝ» አለች እሌኒ።

ምሥራቅ ጉርሻዋን አላምጣ ዋጠች። «ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። «ጫጩቷ ግን አትመለስም።»

እውነቷን ነው። አልተመለሰችም። እሌኒ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ነገሩ በአንድ ቀን አልተስተካከለም። ወይዘሮ ሠርካለም አንዳንድ ጊዜ ይረሱና፣ «ምሥራቅ!» ብለው ይጣራሉ። ያን ጊዜ እሌኒ፣ «ተራው የእኔ ነው» ብላ ትነሣለች። ወፍጮ ቤትም ሄዳለች። በመጀመሪያው ቀን ዱቄቱን አዝላ ስትመለስ ወገቧ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር። ምሥራቅ ከዚያ ወዲህ አርፍዳ ክፍል ገብታ አታውቅም።

በተከታዩ እሑድ ሁለቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት መጡ። እሌኒ በልጆቹ ሁሉ ፊት ቆማ ጫጩቷን ያወጣችው እርሷ መሆኗን ተናገረች። ከዚያም ምሥራቅን ከፊተኛው ወንበር አስቀመጠቻት። ሦስቱ ጫጩቶች ላባ አብቅለው በቀዳዳው ሲያጮልቁ ምሥራቅ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥኑ አየች። እጇን በአፏ ላይ ጭና ሳቀች።

ልጆች ሆይ፣ ግፍ ስታዩ ተቆጡ፤ ነገር ግን በሌላው ጎጆ ያለውን ከመቆጣታችሁ በፊት በገዛ ቤታችሁና በገዛ እጃችሁ የሚሠራውን ግፍ አቁሙ።